ኪስ የማይጎዳ የበጋ ዕረፍት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሙቀቱ እየበረታ፣ ትምህርት ቤቶችም እየተዘጉ ሲሄዱ ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ይሰባሰባሉ፤ ሰው መዝናናት ይፈልጋል፣ ገንዘቡ ግን አይበቃም። ለዚህ እትም ስድስት ደብዳቤዎችን መርጠናል። አንዳንዶቹ ረጃጅም ስለነበሩ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ አስቀርተናል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም። ከመጀመሪያው ግን አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በትንሽ ወጪ መዝናናት ይቻላል፣ ነገር ግን ወጪው በቀነሰ መጠን ሐሳብና ዝግጅት ይጨምራል። ያለ ገንዘብም ያለ ዝግጅትም ደስ የሚል ዕረፍት የሚጠብቅ አንባቢ ካለ፣ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ላያረኩት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የ12፣ የ8 እና የ4 ዓመት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ዕረፍት ልጆቹ እንዳይከፋቸው በማለት በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ቦታ እወስዳቸው ነበር። መግቢያው ነፃ ነው ወደተባለ መናፈሻ እንኳ ሄደን ስንመለስ ቦርሳዬ ባዶ ይሆናል። ገንዘቡ የት እንደገባ አላውቅም። ልጆቹ ደግሞ በማግስቱ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ የመጀመሪያ ቃላቸው “ዛሬስ የት እንሄዳለን?” የሚል ነው። ዘንድሮ ያንኑ መድገም አልችልም፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ መግቢያው ነፃ ከሆነው መናፈሻ ባዶ ቦርሳ ይዘው መመለስዎን የጻፉበት ዓረፍተ ነገር የመልሱን ግማሽ ይዟል። ከቤት ወጥቶ በሚዋልበት ቀን ገንዘብ የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች በአብዛኛው ሦስት ናቸው፤ መጓጓዣው፣ እዚያው ቦታ ላይ የሚመጣው ረኃብና ጥም፣ እንዲሁም የልጅ ዓይን ያየው ነገር ሁሉ። የመግቢያ ዋጋ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ትንሹ ነው። ስለዚህ “ነፃ ቦታ” ከመፈለግ በፊት ሦስቱን ቀዳዳዎች መድፈን ይቀድማል።

ከመውጣትዎ በፊት ልጆቹ ጠግበው ይብሉ፤ የሚያዘው ውሃም ይበቃል ብለው ከሚገምቱት በላይ ይሁን፤ ምክንያቱም በሙቀት ወቅት የሚያልቀውና በውድ የሚተካው የመጀመሪያው ነገር እርሱ ነው። ለሦስተኛው ቀዳዳ ደግሞ በቃል ከመከልከል ይልቅ ገንዘቡን በልጁ እጅ ማስቀመጥ ይሻላል። ለሁለቱ ትልልቅ ልጆች ጠዋት ላይ አነስተኛና እኩል ገንዘብ ይስጧቸውና “የዛሬው ይኸው ነው፤ የተረፈው የራሳችሁ ነው” ይበሏቸው። ከእናቱ ቦርሳ አሥር ነገር የሚጠይቅ ልጅ ከራሱ ኪስ አንዱን እንኳ ለመግዛት ሁለት ጊዜ ሲያስብ ማየት በራሱ መዝናኛ ነው። መጓጓዣን በተመለከተ፣ ለ12 ዓመቱ ልጅዎ አንድ ሥራ ይስጡት፤ ከቤታችሁ በእግር በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደረስባቸውን ቦታዎች ሁሉ በወረቀት ላይ ካርታ አድርጎ ይሣል፤ ዛፍ ያለበትን፣ ጥላ ያለበትን፣ ውሃ የሚጠጣበትን፣ ኳስ የሚጫወቱበትን። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ክበብ ውስጥ ያለውን ግማሹን አያውቀውም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ልጆቹ “የት እንሄዳለን?” የሚሉት ደስታ ማለት መሄድ እንደሆነ ባለፈው ዓመት ስለተማሩ ነው፤ ሳያስቡት ያስተማሯቸውም እርስዎ ነዎት። ይህን ለመቀየር ለሳምንቱ ቅርጽ ይስጡት። አንዱ ቀን የመውጫ ቀን ይሁን፤ ሌላው ቤት ውስጥ አንድ ነገር የሚሠራበት፣ ሌላው ደግሞ እንግዳ ልጆች የሚመጡበት ወይም የእርስዎ ልጆች ወደ ሌላ ቤት የሚሄዱበት ይሁን። በተለይ ይህ የመጨረሻው አትራፊ ነው። አራት ቤተሰቦች ተስማምተው በሳምንት አንድ አንድ ቀን የሁሉንም ልጆች ቢቀበሉ፣ እያንዳንዷ እናት አንድ ቀን በጩኸት መሀል ውላ ሦስት ቀን ታርፋለች፤ ልጆቹም በአራት ቤት ያለውን መጫወቻና መጽሐፍ ያገኛሉ። የቀሩትን ቀናት ባዶ ይተዉአቸው። ልጅ ሲሰለቸው ወዲያውኑ መፍትሔ ማቅረብ የወላጅ ግዴታ አይደለም፤ ከስልቸታ በኋላ የሚመጣው ጨዋታ ብዙውን ጊዜ እኛ ካቀድንለት ይበልጣል። ይህ የሚሠራው ግን በዚያ ሰዓት ስልክ እጁ ላይ ከሌለ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይሠራል ለሚለው፣ ከብዙ ሐሳቦች ይልቅ ሁለቱን በዝርዝር ብነግርዎ የሚጠቅም ይመስለኛል። አንደኛው ትልልቅ የሳሙና አረፋ ነው። አንድ እጅ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከስድስት እጅ ውሃ ጋር ሳይንጡ በቀስታ ይቀላቅሉና ትንሽ ስኳር ወይም ግሊሰሪን ይጨምሩበት። አረፋ ከሚፈነዳባቸው ምክንያቶች አንዱ ስስ የሆነው የውሃ ሽፋን እየተነነ መሳሳቱ ነው፤ ስኳሩና ግሊሰሪኑ ትነቱን ያዘገዩታል። በዚሁ ምክንያት ጨዋታው በቀትር ፀሐይ ሳይሆን አየሩ ገና እርጥበት ባለው ማለዳ ወይም በጥላ ሥር ቢሆን አረፋው ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። በሁለት ዘንጎች ጫፍ ላይ ክር አስረው ቀለበት ቢሠሩለት ከልጅ ራስ የሚበልጥ አረፋ ይወጣል። ትልቁ ልጅዎ ደግሞ ቀለሞቹን ይከታተል፤ ቀለሙ የሚፈጠረው ከሽፋኑ ውጫዊና ውስጣዊ ገጽ የሚመለሱት ብርሃኖች እርስ በርስ ሲደራረቡ ነው፤ ሽፋኑ እጅግ ሲሳሳ የላይኛው ክፍል ቀለም አልባና ጠቆር ያለ ይሆናል። ያን ጊዜ “አሁን ሊፈነዳ ነው” ብሎ አስቀድሞ መናገር የሚችል ልጅ በታናናሾቹ ዘንድ ጠንቋይ ይመስላል።

ሁለተኛው የጥላ ሰዓት ነው። አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ መሬት ላይ ይተክሉና ጥላው በየሰዓቱ የሚያርፍበት ጫፍ ላይ ጠጠር ያስቀምጣሉ። ከሁሉ አጭር የሆነው የቀኑ ጥላ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋው መስመር ላይ ይወድቃል፤ የሚወድቅበት ሰዓትም ብዙ ጊዜ በግድግዳው ሰዓት ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ የ8 ዓመቷ ትጠይቅ፣ የ12 ዓመቱ ይመራመር። ለአራት ዓመቱ ባልዲ፣ ስፖንጅና የተበሳ ኩባያ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ውሃ ይዞ ሲጫወት ከአጠገቡ አይለዩ፣ ጨዋታው እንዳበቃም ባልዲውን ወዲያው ይድፉት። ትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥም ሊሰጥም ይችላል።

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ሠራተኛ ነኝ። ሰባት ጓደኛሞች ነን፤ በበጋ ወራት በየሳምንቱ መጨረሻ ውድ የሆነ ቦታ እንሄዳለን፣ ሒሳቡም ለሰባት እኩል ይካፈላል። እኔ ትንሽ ነው የማዝዘው፤ የምከፍለው ግን እንደሌላው ነው። እምቢ ብል የሚተዉኝ ይመስለኛል። ባለፈው “አሞኛል” ብዬ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላ ራሴን ታዘብኩት።

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር ቢያውቁ ቅር ማለትዎ ይቀንሳል። ዩሪ ግኒዚና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ሒሳብ እኩል እንደሚካፈል አስቀድመው ያወቁ ተመጋቢዎች እያንዳንዱ የራሱን ከሚከፍልበት ጊዜ ይልቅ የበዛ ያዝዛሉ። ስለዚህ ጓደኞችዎ ስግብግብ ስለሆኑ ሳይሆን፣ አሠራሩ ራሱ ሁሉንም ወደ ላይ ስለሚገፋ ነው ሒሳቡ የሚያብጠው። ምናልባትም ከስድስቱ መካከል እንደ እርስዎ በውስጡ የሚያሰላ ሌላ ሰው አለ።

መፍትሔው ሒሳቡ ጠረጴዛ ላይ ከመጣ በኋላ አይገኝም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ እንደሚባለው፣ ጊዜው ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ማለትም ማንም ሰው ቦታ ሳይጠራ በፊት ነው። ዕቅድ የሚያቀርብ ሰው ብዙውን ጊዜ ዋጋውንም ይወስናል፤ እስካሁን ያንን ሥልጣን ለሌላ ሰው ትተውታል። በመጀመሪያ ከሁሉ ለሚቀርብዎት አንድ ጓደኛ እውነቱን ይንገሩት፤ ለምሳሌ “በዚህ ወር ለመዝናኛ የያዝኩት ገንዘብ ለሁለት ቀን ነው የሚበቃው፤ የቀሩትን ሁለት ሳምንታት እኔ ቤት ወይም ሜዳ ላይ እናሳልፍ” ቢሉት ውርደት የለበትም። ከዚያም ተጨባጭ ሐሳብ ይዘው ይምጡ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ጭምር። “አንድ ቀን ርካሽ ነገር እናድርግ” የሚል ጥቅል ሐሳብ ማንም አይከተለውም፤ “ቅዳሜ 10 ሰዓት ኳስ፣ ከዚያ እኔ ቤት፣ እያንዳንዱ አንድ ነገር ይዞ ይምጣ” የሚለው ግን ሰው ይሰበስባል። ለሰባት ሰው የሚሆን የካርታ ወይም የቃላት ጨዋታ፣ በተውሶ ፕሮጀክተር በግድግዳ ላይ የሚታይ ፊልም፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ የሚደረግ ረጅም የእግር ጉዞ፣ ሁሉም ሊሠሩ ይችላሉ።

ውድ ወደሆነው ቦታ በሚሄዱበት ሳምንት ደግሞ ገና ሲቀመጡ፣ ከማዘዛችሁ በፊት፣ “ዛሬ እኔ የራሴን ለየብቻ እከፍላለሁ” ይበሉ። አንድ ጊዜ ያስጨንቃል፤ ሁለተኛው ጊዜ ግን የታወቀ ነገር ይሆናል። “አሞኛል” ማለቱን ይተዉት። ውሸቱ ሌላ ውሸት ይወልዳል፤ ከዚያም አልፎ ጓደኞችዎ ሊረዱዎት የሚችሉበትን በር ይዘጋባቸዋል።

ጥያቄ፦ ባልና ሚስት ነን። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምናት ጥቂት ገንዘብ አለችን። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ለአምስት ቀን ራቅ ወዳለ ቦታ እንሂድባት ይላል፤ ጥቂት ተበድረን ሰባት ቀን እናድርገውም ብሏል። እኔ ደግሞ ለየሳምንቱ ትንንሽ ቀናት ብናከፋፍላት እመርጣለሁ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ በብድሩ ጉዳይ ያለ ማመንታት ከእርስዎ ጎን ነኝ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። በቀረው ግን ሁለታችሁም በከፊል ልክ ናችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በየሩን ናዋይንና ባልደረቦቹ የታተመ፣ 1,530 የኔዘርላንድ ጎልማሶችን የተከታተለ ጥናት አለ። ጉዞ የሚጠብቁ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ከማይሄዱት ይልቅ ደስተኞች ሆነው ተገኙ፤ ከተመለሱ በኋላ ግን እጅግ ዘና ያለ ዕረፍት አሳለፍን ካሉት በቀር በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ይህ ማለት ከአንድ ጉዞ የምናገኘው ደስታ ከፍ ያለ ድርሻው በመጠበቅ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ መጠበቅ ደግሞ አያስከፍልም። ከዚህ አንጻር የእርስዎ ሐሳብ ያመዝናል፤ ብዙ ትንንሽ ቀናት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ይጠብቃል። ይህ የሚሆነው ግን ትንንሾቹ ቀናት አስቀድመው ከታወቁና በቀን መቁጠሪያ ላይ ከተጻፉ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ “ዛሬ ምን እናድርግ?” ማለት የመጠበቁን ደስታ ከእጅ ይነጥቃል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ውድ ምርጫ ይገፋል።

ለባለቤትዎ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ዳንኤል ካነማን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ሙከራ፣ ሰዎች እጃቸውን በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ እንዲያቆዩ ተደረገ። በሌላ ዙር ይኸው 60 ሰከንድ ካለቀ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ተጨመረ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ውሃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ ሞቀ። የቱን መድገም ትመርጣላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ የመረጡት ረጅሙን፣ ማለትም ሕመሙ የበዛበትን፣ ነገር ግን አጨራረሱ የተሻለውን ነበር። ትዝታችን የቆይታውን ርዝመት ብዙም አይመዝንም፤ የሚመዝነው ስሜቱ ከፍ ያለበትን ቅጽበትና ፍጻሜውን ነው። ስለዚህ ሰባቱ ቀን ከአምስቱ፣ አምስቱም ከሦስቱ በትዝታ ውስጥ ያን ያህል አይበልጥም። ብዙ ሰዎች ግን የመጨረሻውን ቀን ለሻንጣ፣ ለጥድፊያና በመንገድ ላይ ለመጨቃጨቅ ይተዉታል፤ ከዚያም ገንዘባቸው ስለጠፋ ሳይሆን ፍጻሜው ስለተበላሸ “ምን ዓይነት ጉዞ ነበር?” ይላሉ።

እኔ ብሆን የማደርገው እንዲህ ነው። ከገንዘቡ ግማሽ ያህሉን ለሦስት ቀን ጉዞ አውለዋለሁ፤ ቀናቱም ሰው የሚበዛባቸው የሳምንቱ መጨረሻዎች ሳይሆኑ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት፣ ከተቻለም ወቅቱ ሲጀምር ወይም ሊያልቅ ሲል ያሉት ይሆናሉ፤ ማረፊያና መጓጓዣ በእነዚህ ቀናት በብዙ ቦታ ይረክሳል። ማረፊያው ምግብ ማብሰያ ያለው ቢሆን ሌላ ትልቅ ወጪ ይቀራል። የመጨረሻውን ምሽት ከሁሉ የሚያምር ነገር አስቀምጥለታለሁ፤ ሻንጣውም ከዚያ በፊት ተሸክፎ ያልቃል። የቀረውን ግማሽ በእርስዎ ሐሳብ መሠረት በየሁለት ሳምንቱ ለሚሆን አንድ ትንሽ ቀን አከፋፍለዋለሁ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ተማሪ ነኝ። እኛ ቤት በበጋ ማንም የትም አይሄድም። ማታ ማታ ሲሞቀን ውጭ እንቀመጣለን፤ እኔ ኮከብ ማየት እወዳለሁ፣ ቴሌስኮፕ ግን የለኝም። ያለ እርሱ ምን ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ የተወደድሽ አንባቢያችን፣ የአንቺ ደብዳቤ ከሁሉ ይበልጥ ደስ አሰኝቶናል፤ ምክንያቱም የጠየቅሽው በእውነት ነፃ የሆነውን ብቸኛ ትርኢት ነው። መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ዓይን ጨለማን ለመልመድ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚፈልግ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ስልክሽን ብታዪ ከመጀመሪያ መጀመር ይኖርብሻል። መብራት ካስፈለገሽ የእጅ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ወይም ጨርቅ ሸፍኚው፤ ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን ብዙም አያበላሽም።

በጋ በሰሜኑ የምድር ክፍል ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ በደቡቡ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አካባቢ ነው፤ ሁለቱም የራሳቸው የተወርዋሪ ኮከብ ሌሊት አላቸው። ፐርሲድ የሚባለው በየዓመቱ በኦገስት 12 እና 13 አካባቢ ይጎላል፤ መነሻው ስዊፍት-ተትል የተባለው ጅራታም ኮከብ በመንገዱ ላይ የተወው ብናኝ ነው። ይህ ጅራታም ኮከብ ፀሐይን ለመዞር 133 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የቀረበንም እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። ጀሚኒድ የሚባለው ደግሞ በዲሴምበር 13 እና 14 አካባቢ ይታያል፤ የእርሱ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1983 የተገኘው ፌቶን የተባለ አካል ነው። የምታዪው የብርሃን መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ነገር ከአየር ጋር ሲፋጭ የሚፈጥረው ነው። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ግን ደካሞቹን ትውጥብሻለች። በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ሰፊ ሰማይ ወደሚታይበት አቅጣጫ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተመልከቺ፤ ቤተሰብሽ ደግሞ አብሮሽ ይሁን።

ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሰዓታት፣ ሳይብለጨለጭ በፍጥነት የሚያልፍ ደማቅ ነጥብ ካየሽ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሊሆን ይችላል። በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ምድርን በ90 ደቂቃ አካባቢ ይዞራል፤ ከኖቬምበር 2000 ጀምሮም ያለ ሰው ውሎ አያውቅም። ውስጡ ላሉት ሰዎች እጅሽን ብታወዛውዢ አያዩሽም፤ እኔ ግን በዕድሜዬም ቢሆን እስካሁን አወዛውዛለሁ።

አንድ ጨዋታም ልንገርሽ፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብሽ አባል በዕድሜው ልክ የሚሆን ኮከብ ፈልጊለት። የከዋክብት ርቀት በብርሃን ዓመት፣ ማለትም ብርሃን በአንድ ዓመት በሚጓዘው ርቀት፣ ስለሚለካ፣ ዛሬ የምታዪው ብርሃን ከስንት ዓመት በፊት እንደተነሣ ታውቂያለሽ። ሲሪየስ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ስለዚህ ዘጠነኛ ዓመቱን ለሚጠብቅ ታናሽ ወንድም ይሆናል። አልታይር 17 ገደማ ነው፤ ብርሃኑ የተነሣው አንቺ ከመወለድሽ ሦስት ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። ቬጋ 25፣ አርክቱሩስ 37፣ ካፔላ 43፣ አልደባራን 65 ገደማ ናቸው። ሁሉም በአንድ ምሽት ላይታዩ ይችላሉ፤ አንዳንዱን ሌላ ወር ወይም ሊነጋጋ ሲል መጠበቅ ይኖርብሻል። ስቴላሪየም የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም የቱ ኮከብ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚገኝ ያሳይሻል። አያትሽ 65 ዓመት የሞላቸው ከሆነ፣ እርሳቸው በተወለዱ ጊዜ የተነሣ ብርሃን አሁን ዓይናቸው ላይ እንዳረፈ ንገሪያቸውና ምን እንደሚሉ ስሚ። ማስጠንቀቂያዬ አንድ ብቻ ነው፤ በቀን ፀሐይን በዓይንሽም ሆነ በማንኛውም መነጽር በቀጥታ አትመልከቺ።

ጥያቄ፦ እኔና የሰፈሬ ልጆች ለመዋኛ ገንዳ የምንከፍለው ስለሌለን ወንዝ ውስጥ እንዋኛለን። ነፃ ነው፤ ወላጆቻችን ግን ይቆጣሉ። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ችግሩ ከገንዳው ዋጋ ጋር የማይወዳደር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው እንደሞቱ ገምቷል። የወንዝ ውሃ ከላይ የተረጋጋ መስሎ ከሥር ሊጎትት ይችላል፤ ትናንት ጥልቅ የነበረው ቦታ ዛሬ ደለል ሞልቶት፣ የዘለለ ሰው አንገቱን ይሰብርበታል። የሚሰጥም ሰውም ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለትንፋሽ ብቻ ስለሆነ ጓደኞቹ አጠገቡ ሆነው ሳያዩት ይሄዳል። ጠባቂ በሌለበት አትዋኙ። በምትኩ የሕዝብ ገንዳ ካለ ለልጆች የሚቀንስበትን ወይም ነፃ የሚሆንበትን ሰዓት ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ይኖራል፣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ካልተገኘም፣ የአትክልት ማጠጫ ጎማና ባልዲዎች ይዛችሁ በሁለት ቡድን የምትጫወቱት የውሃ ጦርነት የጎደለውን ደስታ በአብዛኛው ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የልጅ ልጆቼን ወደ ውጭ ማውጣት እወዳለሁ፤ ሙቀቱ ግን ይጥለኛል። ገቢዬም የተወሰነ ነው።

መልስ፦ አባታችን፣ ሰዓቱን ከመረጡ ቦታው ብዙም አያስጨንቅም። የፀሐይ ጨረር የሚከፋው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ መለኪያም አያስፈልግዎትም፣ ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ወደ ቤት ወይም ወደ ዛፍ ሥር የሚገቡበት ጊዜ ነው። የልጅ ልጆችዎ ይህንን ሥራ ቢረከቡ ደስ ይላቸዋል፤ ጥላዎን እየለኩ “አያቴ፣ ሰዓቱ ደርሷል” ይበሉ። ሳይጠማዎት በፊት ውሃ ይጠጡ፤ የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ሙቀትን በመቋቋም ችሎታዎ ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ የአየር ማራገቢያ ሰውነትን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ሊያሞቅ ስለሚችል በእርሱ ብቻ አይተማመኑ።

ለቀትሩ ሰዓታት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተስማሚ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፣ ወንበር አለው፣ መግቢያም አይጠይቅም። ቤት መዋል ከመረጡ ደግሞ ከልጆቹ ለአንዱ ስልክ ይስጡትና እርስዎ በእነርሱ ዕድሜ ሳሉ በበጋ ምን ይጫወቱ እንደነበር እየጠየቀ ድምፅዎን ይቅረጽ። መጀመሪያ አጭር ጥያቄ ያዘጋጁላቸው፤ ልጆች “ስለ ልጅነትዎ ይንገሩን” ከሚለው ይልቅ “ኳሳችሁ ከምን ነበር የተሠራው?” የሚለውን ሲጠይቁ መልሱ ይረዝማል። የነገሯቸውንም ጨዋታ ማምሻውን፣ ጥላው ከቁመትዎ ሲረዝም፣ ወጥተው ያሳዩአቸው።